የአምስታችን ፊርማ

መስከረም 6

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ ፈጣሪን እየለመንኩ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አክስትዎ እናቴም ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። «የእህቴ ልጅ ኮት መደረቡን ጠይቂልኝ» ብላኛለች፤ እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል መባሉን ከጎረቤት ሰምታ።

የነሐሴው ገንዘብ ደርሶኛል፤ እጅዎ አይንጠፍ። ኪራይ ከፈልኩበት፣ የእናቴን መድኃኒት ገዛሁበት፣ አለቀ።

ሥራው ያው ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሬ ሁለት ሳፋ ፊት እቀመጣለሁ፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የማለቅለቂያ። ከእንግዳ ማረፊያው በቀን ሃያ፣ አንዳንዴም ሠላሳ አንሶላ ይመጣል። ውሃ ከግቢው ቧንቧ በተራ ነው የምንቀዳው። ዝናብ ሲበዛ አንሶላው ሳይደርቅ ሦስት ቀን ይሰነብትና ይሸታል፤ መልሼ አጥበዋለሁ። ስምንት ዓመት እንዲህ ሠርቼ አንዱን ሳፋ ሁለት አድርጌዋለሁ። ዕድገት ይሉታል እንግዲህ።

አሁን ግን የማማክርዎ ነገር አለ። ከገበያው ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ለትንንሽ ነጋዴ የሚያበድር የብድርና ቁጠባ ተቋም ተከፍቷል። ቤት አስይዙ አይልም። «አምስት ሆናችሁ ኑ፣ አንዳችሁ ለሌላችሁ ዋስ ሁኑ» ነው የሚለው። እኛም አምስት ሆነናል፤ ፀጉር ሠሪዋ፣ ጎረቤቴ እንቁላል ሻጯ፣ አሮጌ መጽሐፍ የምትሸጠው፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቦርሳ የምትጠግነውና እኔ። የምናስይዘው ፊርማችንን ብቻ ነው። እኔ ያገለገለ ባለ አሥራ ሁለት ኪሎ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አይቼአለሁ፤ ቧንቧ የገባለት አንድ ክፍልም ተገኝቷል።

ከእርስዎ የምፈልገው ገንዘብ አይደለም። «እሺ፣ ይቅናሽ» ብቻ ይበሉኝ።

አክባሪዎ ታናሽ እህትዎ


ጥቅምት 3

ለእህቴ ለሳፋዋ እመቤት፣

ሰላምታዬ ከባሕር ማዶ ይድረስሽ። የአክስቴን ሁለቱንም ጉልበት ሳሚልኝ። ኮት ሁለት ነው የደረብኩት በያት።

ደብዳቤሽን መርከብ በምንጠግንበት ግቢ፣ በምሳ ሰዓት ከፈትኩት። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። እህቴ፣ አትፈርሚ።

አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። አባቴ ወፍጮ ነበረው። ሞተሩን ለማሠራት ከአንድ አራጣ አበዳሪ ወሰደ። ሰውዬው በየወሩ ይመጣና የአባቴ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አባቴ በገዛ ቤቱ ቆሞ ያናግረዋል። እኔ በር ላይ ሆኜ አያለሁ። በሁለተኛው ዓመት ወፍጮው ሄደ። አባቴ እስኪሞት ድረስ በዚያው በራሱ ወፍጮ ተቀጥሮ የሰው እህል ፈጨ። ዕዳ የሚባል ነገር ስሙ ሲነሣ ዛሬም ያ ወንበር ይታየኛል።

ደግሞ አምስት ነን ትያለሽ። አንዷ ስትወድቅ አራታችሁ ትጎተታላችሁ። የእንቁላል ሻጯን ዶሮዎች ጤና አንቺ በምን ታውቂያለሽ? በማታውቂው ዶሮ ላይ ስምሽን ታኖሪያለሽ?

ከዚህ ወር ጀምሮ እጥፍ እልክልሻለሁ። ከየት አትበዪኝ። ብረት መሰበሩን እስካልተወ ድረስ በያጅ አይራብም። ማሽኑን ቀስ ብለሽ ትገዥዋለሽ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?

ወንድምሽ


ኅዳር 1

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይቅደም፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በፈረምኩ በሁለተኛው ቀን ነው። ቀድሞ ቢደርስሽ ትተይው ነበር ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ አልተወውም ነበር። ለእርስዎ መዋሸት አልችልበትም።

የአባትዎን ነገር አንብቤ አልቅሻለሁ። እናቴም ሳነብላት አለቀሰች፤ እሷ ወፍጮውን ታስታውሰዋለች። ይሁን እንጂ እነዚህ ሰዎች ወንበሬ ላይ አይቀመጡም። እኛ ነን ሄደን እነሱ አግዳሚ ላይ የምንቀመጠው። ወለዱም መክፈያ ቀኑም ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ማንም ጠዋት ተነሥቶ በአፉ አይጨምርበትም።

ሌላም ልንገርዎ፣ እንዳይቀየሙኝ። እስከ ዛሬ የላኩልኝን ሁሉ በላሁት። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ቀዳዳው ብዙ ነው፣ ገንዘቡም ዝም ብሎ ይገባበታል። ይኼኛው የብድሩ ግን ገና እጄ ሳይገባ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። የተሰጠኝን እበላለሁ፣ የተበደርኩትን እሠራበታለሁ። እንዲህ ያለች ሰው ሆኜ ተገኘሁ።

ገንዘቡን ከመስጠታቸው በፊት አራት ቀን አስተማሩን። የብድር ሠራተኛዋ አጭር ናት፤ እስክሪብቶዋን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች።

«ለአንድ አንሶላ ስንት ሳሙና ይሄዳል?» አለችኝ።

«እንደ ቆሻሻው ነዋ።»

«እንግዲያው ዋጋውን ማን ቆረጠው?»

«እነሱ።»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አለቀብኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሁሉንም ጻፍኩት፤ ሳሙናውን፣ ውሃውን፣ የካውያውን ከሰል፣ ጎንበስ ብዬ የምውለውን ሰዓት ሳይቀር። ትልቁ ደንበኛዬ እያልኩ የምኮራበት እንግዳ ማረፊያ፣ አንሶላው በታጠበ ቁጥር ከኪሴ የሚወስድ ሆኖ ተገኘ። ትርፍ የማገኘው ከጎረቤት ሸሚዝ ነበር። ስምንት ዓመት የጎረቤት ሸሚዝ የማረፊያውን አንሶላ ሲያሳጥብ ኖሯል ማለት ነው።

በማግስቱ ወደ አስተዳዳሪዋ ሄድኩ።

«ዋጋ ልጨምር ነው» አልኳት።

«አንቺ? ስምንት ዓመት አብረን ሠርተን?»

«ስምንቱን ዓመት የከፈልኩት እኔ ነኝ።» ወረቀቴን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁ። አላየችውም።

«አጣቢ እንደሆነ በየደጁ ሞልቷል» አለችኝ።

«ሞልቷል» ብዬ ወጣሁ። እናቴ መጀመሪያ «አብደሻል» አለችኝ፤ ትንሽ ቆይታ «ጎሽ» አለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚጸና እስካሁን አልወሰነችም።

የሦስት ፀጉር ቤቶች ፎጣ ይዣለሁ፤ አምጪዋ የማኅበራችን ፀጉር ሠሪ ናት። ማሽኗ ሰኞ ትገባለች። እጥፉን ልከውልኝ ነበር፤ እናቴን ለጉልበቷ ሐኪም አሳየሁበት። ከእንግዲህ ግን እጥፉን ይተዉት፤ ለራስዎ ያድርጉበት።

አክባሪዎ እህትዎ


ጥር 19

ለእህቴ፣

እንደምን አላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሳልጽፍ የቆየሁት ሥራ በዝቶ ነው። አትቀየሚኝ።

ከብየዳ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ወስደውኛል። ቀለል ያለ ሥራ ነው፤ ዕድሜዬን አክብረው ይመስለኛል። የዚህን ወር አልላክሁም፤ በሚቀጥለው አያይዤ እልካለሁ።

የፈረምሽውን ፈርመሻል። ማሽንሽ እንዴት ናት?

ወንድምሽ


የካቲት 10

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ እንደ ሁልጊዜው ከልብ ነው። ማሽኗ ደህና ናት። ስትጨምቅ ወለሉ ላይ ስለምትራመድ እናቴ «ይቺን እንስሳ እሰሪያት» ትላለች። አዲሱ ክፍል ውስጥ ከጣሪያው ሥር ገመድ ወጥሬአለሁ፤ ዝናብ ቢዘንብም የሚሸት ልብስ የለም። በፊት በሦስት ቀን የማደርሰውን አሁን በአንድ ቀን አደርሳለሁ። በየሳምንቱ ማክሰኞ ክፍያዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ አንድም ቀን አላሳለፍኩም። አንድ የጥርስ ሐኪምም ነጫጭ ጋዋኑን ለእኔ ሰጥቷል።

የእንግዳ ማረፊያዋ አስተዳዳሪ ባለፈው ወር በእግሯ መጣች። አዲሷ አጣቢ ነጩን አንሶላ ከሰማያዊ መጋረጃ ጋር ነክራባት፣ እንግዶቹ ሰማይ ላይ ይተኛሉ አሉ።

«ዋጋሽ ስንት ነበር ያልሽኝ?» አለች።

«ያኔ የነገርኩዎ ነበር። አሁን ትንሽ ጨምሯል።»

በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ እንደምታነብ ሰው ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ከፈለች።

የምሥራቹ ይኸው ነው። አሁን ደግሞ እርስዎ የፈሩት።

እንቁላል ሻጯ በብድሩ ሁለት መቶ ዶሮ ገዝታ ነበር። በገና ሰሞን በሽታ ገባባቸውና በዘጠኝ ቀን አለቁ። የዚያን ማክሰኞ አልመጣችም። አራታችን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። የእሷ ሳምንታዊ ክፍያ ካልገባ ማናችንም ሁለተኛ ዙር ብድር አናገኝም።

«እኔ ለዶሮ አልተበደርኩም» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ማን ተበደረ?» አለች ቦርሳ ጠጋኟ። «የፈረምነው ግን ሁላችን ነን።»

እኔም ተናድጄ ነበር። ደብዳቤዎ ትዝ አለኝና «ይኸው» አልኩ በሆዴ። ያም ሆኖ ቤቷ ሄድኩ። የዶሮ ቤቱን በር ከነማጠፊያው እየነቀለች አገኘኋት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልሸጠው ነዋ። ከዶሮ የተረፈኝ በር ነው።» አላየችኝም። «ለምን መጣሽ? እንድትሰድቢኝ ከሆነ ቶሎ በይ፣ ሥራ ይዣለሁ።»

ልሰድባት ነበር የሄድኩት፤ እውነቱ እሱ ነው። ግን «ካውያ ይዘሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ማን ያልያዘ አለ?»

አሁን እኔ ጋ ትተኩሳለች። የሁለት ሳምንቱን ክፍያዋን አራታችን አዋጥተን ሸፈንንላት፤ ከደሞዟ ለእኛም ለተቋሙም ትመልሳለች። መጽሐፍ ሻጯ፣ መቼም ከጥቅስ ውጭ አትናገርም፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብላ ስብሰባውን ዘጋችው። ፀጉር ሠሪዋ እያጉረመረመች ከሁላችን አስበልጣ አዋጣች።

ብድር ዶሮን ከሞት አያድንም። ሴትየዋ በራሷ አቅም በአሥራ አምስት ዶሮ ብትቆይ ኖሮ ሐዘኑም በአሥራ አምስት ልክ ይሆን ነበር። ይህንኑ ለብድር ሠራተኛዋ ነገርኳት። «እውነትሽን ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት መቶ መፍቀድ አልነበረብንም» አለች። እኔም ከመፈረሜ በፊት «ስንት ዶሮ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እንግዲህ እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የእርስዎ ፊደል እንደ ጉንዳን ሰልፍ የደቀቀ ነበር። በጥር ወሩ ደብዳቤ ላይ ግን አንዱ ፊደል የሦስቱን ቦታ ይዟል፤ መስመሩም ወደ ታች ይወርዳል። ቀላል ሥራ ይሉኛል፣ ዕድሜ ይሉኛል። ምን ደበቁኝ?

እህትዎ


መጋቢት 27

ለእህቴ፣

ይህን የሚጽፍልሽ አብሮኝ የሚኖረው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ስለዚህ የሚያሳፍር ነገር ካለበት ሁለት ሰው አፍሮበታል።

ዓይኔ ሄዷል። የብየዳው ብርሃን ይሁን ዕድሜ፣ ሐኪሙ ሁለቱም ሳይሆኑ አይቀሩም ይላል። ሁለቱም ላይ ሞራ ወርዷል። በታኅሣሥ የመርከቡን ወለል ስበይድ መስመሩን ስቼ አንድ ክንድ ያህል ሌላ ቦታ በየድኩ። አለቃዬ ደግ ሰው ነው፣ ብሎን እንድቆጥር ግምጃ ቤት አስገባኝ። ብሎኑን በጣቴ ነው የምለየው። ደሞዙ ግማሽ ነው።

የከፋውን ልንገርሽ። እጥፍ የላክሁልሽ ገንዘብ የእኔ አልነበረም። ከሥራ ጓደኞቼ ከአንዱም ከሌላውም እየለቀምኩ ነው የላክሁት። አንቺ እንዳትበደሪ ብዬ እኔ ተበደርኩ። ያለ ወረቀት፣ ያለ ቀን፣ በአፍ ብቻ። አሁን በምሳ ሰዓት ማን አጠገብ እንደምቀመጥ እየመረጥኩ ነው የምበላው።

ሐኪሙ ሞራው በቀዶ ሕክምና ይነሣል ብሏል፤ ገንዘቡ ሲገኝ አደርገዋለሁ። ይህን የነገርኩሽ ላኪልኝ ለማለት አይደለም። ስለጠየቅሽኝ ነው። ለአክስቴ ኮቱን ብቻ ንገሪያት።

ቧንቧ ሠራተኛው ራሱ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር ይላል፦ «እመቤቴ፣ ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ ወድቋል። ይህን ጻፍ አላለኝም።»

ወንድምሽ


ሚያዝያ 9

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ለእርስዎም፣ ይህን ለሚያነብልዎ ለቧንቧ ሠራተኛውም ይድረስ። ስለ ደረጃው የጻፈልኝ እሱ ነውና በጤና ያኑረው።

አልቆጣም። መቆጣት ፈልጌ ሁለት ቀን ቆየሁ፣ አልሆነልኝም። ለአክስትዎ ሁሉንም ነግሬአታለሁ፤ ኮቱ ብቻውን አይበቃትም። ሰምታ «መቼ ነው የሚታከመው?» አለች።

ሁለተኛው ዙር ተፈቅዶልኛል፤ የመጀመሪያውን እጥፍ። ሄድኩና ለብድር ሠራተኛዋ «ሁሉንም ለወንድሜ ዓይን እወስደዋለሁ» አልኳት። እስክሪብቶዋን ለቀቀችው፤ ክሩ ላይ ተንጠለጠለ።

«ዓይን በየማክሰኞው ይከፍላል?» አለችኝ።

«እኔ እከፍልለታለሁ።»

«ከምን? ማሽን ሳትገዢበት? ገንዘቡ ለሥራ ነው የተፈቀደው። ዋሽቼ ልጽፍልሽ እችላለሁ። እንቁላል ሻጯን ግን አይተሻታል። ሌላ የለሽም?»

ነበረኝ። ለሁለተኛ ማሽን ያጠራቀምኩት የገዛ ትርፌ አለ። ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ዕድሜዬን ስሠራ ትርፍ የሚባል ነገር ተጠራቅሞ አይቼ አላውቅም ነበር። እጥፉን ብድር ተውኩት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልዎ ያ ትርፍ ነው። ለቀዶ ሕክምናው ይበቃል፤ የሚተርፈውን ለጓደኞችዎ ይክፈሉና በምሳ ሰዓት የፈለጉት ቦታ ይቀመጡ።

ማሽኑ ይቆየኛል። ቀነ ቀጠሮ ይዘው ቀኑን ይጻፉልኝ። እምቢ ቢሉ አክስትዎ በመርከብ እመጣለሁ እያለች ነው፤ በዚያ ጉልበቷ።

እህትዎ


ሰኔ 20

ለእህቴ፣

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊደሉን እዪው።

የቀኙ ተሠርቷል፤ ግራው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ጨርቁን ሲፈቱልኝ መጀመሪያ ያየሁት የቧንቧ ሠራተኛውን ፊት ነው። ሦስት ዓመት አብረን ኖረን ጺሙ መሸበቱን አላወቅሁም ነበር። እሱም «አንተ ደግሞ መልከ መልካም የሆንክ መስሎህ ነው?» አለኝ።

የጓደኞቼን ሁሉ መለስኩ። ለአንዱ ስሰጠው «ረስቼው ነበር» አለኝ። ሐሰቱን ነው፤ ግን ደግ ሐሰት ነው። ብየዳው ቀርቷል። ግምጃ ቤቱን አስተካክዬ ስለያዝኩት አለቃዬ የዕቃ ተቆጣጣሪ አድርጎኛል፤ ደሞዙም ከፍ ብሏል። ሰው እፈልጋለሁ ሲል እኔም ያለ ዓይን ብሎን ስለይ የከረምኩ መሆኔን አስታወስኩት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የላክሽልኝን በስጦታ አልቀበልም። አትቆጪ፣ አንብቢ። አንቺ ራስሽ ነሽ የተሰጠኝን እበላለሁ ያልሽኝ። እኔም እንዳልበላው ፈራሁ። ስለዚህ ብድር ነው። ከዚህ ጋር ወረቀት አለ፤ በየወሩ የምከፍለው፣ የመጨረሻው ቀን፣ ዋሶቼ ቧንቧ ሠራተኛውና አለቃዬ። ወለዱን አንቺ ቁረጪ፤ በአንቺ ጭካኔ አልጠራጠርም። ፈርመሽ አንዱን ቅጂ መልሺልኝ። በሕይወቴ በወረቀት ስበደር የመጀመሪያዬ ነው።

ወንድምሽ


ነሐሴ 12

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ግራው ዓይን እስኪሠራ ቀኝዎን ያጽናልዎ። ወረቀቱን ፈርሜ ቅጂውን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። ወለዱን ዜሮ ብዬዋለሁ፤ የመዘግየት ቅጣት ግን አለው።

የመጀመሪያው ክፍያዎ በሁለት ቀን ዘግይቶ ደረሰኝ። ባንኩ ነው እንዳይሉኝ፤ እኛም ማክሰኞ ማክሰኞ እንደዚያ እንል ነበር፣ የሚሰማን አልነበረም። ለዛሬ አልፌዋለሁ።

ሥራው ቀጥሏል። ሁለተኛውን ዙር የፈለግሁትን ያህል ብቻ ወስጄ ሁለተኛዋን ማሽን ገዝቼአለሁ፤ ይቺኛዋ ዝምተኛ ናት። እንቁላል ሻጯ የአራታችንን ጨርሳ ከፈለች፤ የተቋሙ ሦስት ማክሰኞ ቀርቷታል። ሃያ ጫጩት ልግዛ ወይ ብላ አማከረችን፤ ግዢ አልናት። ጠዋት ጠዋት ትተኩስልኛለች፣ ከሰዓት በኋላ ጫጩቶቿ ጋ ናት። የእንግዳ ማረፊያው መጋረጃዎቹን ጨምሮ ሰጥቶኛል፤ ለብቻ ነው የማጥባቸው።

የላኩትን ገንዘብ ስቆጥር እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ታየኝ ነበር።

«የእህቴ ልጅ ከፈለ?» አለች።

«ከፍሏል።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ሳብ አደረገች። «እንግዲያው ሁለተኛ ዙር ከጠየቀ አትከልክዪው» አለችኝ።

አክባሪዎ እህትዎ